የተነከሰችው ቀንበጥ

ከሚሴ፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዓፊያ በድሩ
አዳማ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ፣ እንዴት ነሽ ልጄ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኔን ጉልበቴ ነው የሚያመኝ፤ እናትሽን ደግሞ እኔ ነኝ የማሳምማት፤ ከዚህ ሌላ በሽታ ቤታችን አልገባም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምንድን ነው ላልሽኝ፦ ስልክ ላይ ሳሾፍብሽ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ግን ተቆጥተሽም ቢሆን እስከ ታች ታነቢያለሽ። ደግሞ እኔ በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ። የተማረች የእህት ልጅ አግኝቼ ካልጻፍኩ ያ ሁሉ ስኳር ለምን ተላሰ?

የላክሻቸው አምስት ቀንበጦች በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው እንደ አራስ ልጅ ደርሰዋል። አራቱ ደህና ናቸው። አምስተኛዋ ላይ የደረሰውን ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። አንዋርን ታውቂዋለሽ፣ የጎረቤታችን የዘይና ልጅ፣ በሚኒባስ አዲስ አበባና አዳማ የሚመላለሰው። ደብረ ብርሃን ላይ ቁርሱን በልቶ ጥቅልሽን ይከፍትልሻል። “ዓፊያ ለአጎቷ መፋቂያ ላከች” ብሎ አንዷን መዘዘና ጥርሱን እየፋቀ ሸዋ ሮቢት ገባ። ሲያስረክበኝ ምላሱን እየላሰ “ጋሼ፣ ይቺ መፋቂያስ አፍ ታስራለች” አለኝ። ጫፏ እንደ ብሩሽ ሆኗል፤ የጻፍሽባት ቁጥርም ጠፍቷል። መሀሏ ላይ ያሉት የቡቃያ ዓይኖች ግን አልተነኩም፤ ጫፏን ቆርጬ ጥዬ ሌላውን እቀጥለዋለሁ። ከአሁን በኋላ ስሟ መፋቂያ ነው።

ያስረዳሽኝ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ እዪልኝ። ምርምር ጣቢያው ያሉት ችግኞችሽ በራሳቸው እግር እስኪያፈሩ ገና አራት አምስት ዓመት ይፈጃሉ። አለቆችሽ ግን የሁለት ዓመት ዕድሜ ነው የሰጡሽ። እስከዚያ የሚጥም ፍሬ ካላሳየሽ መሬቱ ለአቮካዶ ይሰጣል፤ ችግኞቹም ይነቀላሉ። ካደገ ዛፍ ላይ የተቀጠለ ቀንበጥ ግን ቶሎ ያፈራል። በዚህ አገር ያደገ የቱርክ ተምር ያለው ደግሞ እናትሽ ግቢ ብቻ ነው። እናንተ ፐርሲመን ትሉታላችሁ፤ እኔ ያን ስም ስጠራው ያስነጥሰኛል።

አባትሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ለሐዲድ ሠሪዎቹ ቱርኮች ሾፌር ሳለ ያቺን ችግኝ በቆርቆሮ ይዞ የመጣ ቀን ቲማቲም መስላን ነበር። የመጀመሪያው ፍሬ ሲቀላ አላስችል ብሎት ጠንካራውን ገመጠው። አፉ ታስሮ ግማሽ ቀን በእጁ ሲያወራ ዋለ። አፉ ሲፈታ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል “ይኼ ፍሬ ሳይልም የሚጣፍጥ ቢሆን ኖሮ እስከ ጅቡቲ ይሸጥ ነበር” የሚል ነው። አንቺ ያን ቃል ይዘሽ ስንት ዓመት ተማርሽ! ያን ጊዜ፣ የእነዚህን ችግኞች ዘር ለማግኘት፣ ከጣቢያው ከውጭ አገር የመጣ የአበባ ዱቄት በጠርሙስ ይዘሽ መጥተሽ፣ እኔ መሰላል ይዤልሽ፣ በብሩሽ አበባ ለአበባ ስትድሪ ሰፈሩ ሁሉ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ግን መሰላሉን አለቀቅኩም።

እናትሽ ትፈቅዳለች ወይ ላልሽው፦ ፈቅዳለች። ምን እንዳለች ሌላ ቀን እነግርሻለሁ። መቀጠሉን አልችልበትም ብለሽ አትስጊ፤ በወንዙ ዳር ስንት ማንጎ ገድዬ ነው የተማርኩት።

አጎትሽ አብዱልጀሊል

መጋዝ ከጓደኛዬ ከሙህዲን ተውሻለሁ። “ለአምስት ቀንበጥ ይኼን የሚያህል መጋዝ?” ብሎኛል። እኔም መጋዙን ይዤ ወጣሁ።


አዳማ፣ የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፣ ለኤሱማ አብዱልጀሊል

ወዓለይኩም ሰላም። ስለ ጉልበትዎ አዝኛለሁ፤ ስለ እናቴ ግን አላዝንም፣ እርስዎን ለመቻል የተፈጠረች ናት። የአንዋርን ነገር ሳነብ አለቀስኩ፤ በሳቅ ይሁን በንዴት እኔም አላወቅኩም።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ከመቀጠያው በታች ከግንዱ የሚያቆጠቁጠውን ቡቃያ ሁሉ ሳያዝኑ ይንቀሉት፤ አለበለዚያ ምግቡን ለእሱ ይወስድና ቀንበጦቹን ያደርቃቸዋል። ሁለተኛ፣ ከአባቴ ዛፍ ቅርንጫፎች አንዱን ክንድ እንዳለ ይተዉልኝ። የአዲሶቹን ፍሬ ከእሱ ፍሬ ጋር አስተያያለሁ። ሥራው የሚጠይቀው ይኼን ነው። የኔም ልብ የሚጠይቀው ይኼንኑ ነው።

ይኼ ደብዳቤ ዘግይቶ ይሆን? አንዋር ለሠርግ ቀርቶ ሳምንት ሙሉ እጄ ላይ ቆየብኝ፤ ይቅርታዎን።

ዓፊያ


ከሚሴ፣ ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበረችው የቀንበጦች እናት

ሰላምታዬን በነፍስ ወከፍ አድርሻለሁ፤ ለአንቺም፣ እዚያ ለቀሩት ችግኞችሽም። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሥራው አልቆ ነበር። በሰም አሽጌ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከላይም የፀሐይ መከላከያ አሮጌ ጃንጥላ አስሬ ስጨርስ፣ የሰፈሩ ሰው ዛፉ ተሰብሮ በወጌሻ የታከመ ነው የመሰለው።

አራቱ አቆጥቁጠዋል፤ አንዷ ደርቃለች። ከአራቱ ሁለተኛ ቁጥር ያልሽው እንደ ጎረምሳ ተመንድጓል፣ ቅጠሉም ያብረቀርቃል፤ ሙሽራው ብዬዋለሁ። መፋቂያ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አላሰማችም። አንዋር በየሳምንቱ እየመጣ “ሞተች?” ይለኛል፣ ፊቱ ጠቁሮ። ባለፈው ጁምዓ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አወጣች። ሰውየው ለመስጊዱ ምንጣፍ እገዛለሁ ብሎ ተስሏል። ከነከሰ አይቀር እንዲህ ነው።

ስለ አባትሽ ክንድ የጠየቅሽኝን አንብቤያለሁ። የእናትሽ ደም ግፊት ቀንሷል። ላሟም ወልዳለች።

አብዱልጀሊል


ከሚሴ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዓፊያ፣

ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ አይደለም። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ኢንተርኔቱም ጠፍቶ፣ ወራቱ እንዲሁ አለፉ። ሁላችንም አለን፤ ይኼን ቃል ዘንድሮ በቀላሉ አልጽፈውም። አሁን ስልክ ይዘው ያሾፉብን የነበሩ ልጆች ሁሉ ደብዳቤ ለመጻፍ እኔ ዘንድ ይሰለፋሉ። ሸኽ ሆኛለሁ ማለት ነው።

ዘንድሮ ለምን በጭድ ተቀብሮ የላመ የአባቴ ዛፍ ፍሬ አልመጣልኝም ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ዝንጀሮ በላው። አዎ፣ ከተማ መሀል። በጣም የተማረ ዝንጀሮ ነው። ለመሆኑ ባለፉት ዓመታት የላክንልሽስ መቼ ደህና ደርሶልሽ ያውቃል? አንዋር ጥቅሉን ሲያስረክብሽ ሾርባ ነበር የሚያስረክብሽ። በሻይ ማንኪያ እየበላሽ “የአባቴ” ስትዪ እናትሽ እዚህ ሆና ትስቅ ነበር።

ቀንበጦቹ ክንድ አክለዋል። ኢንሻአላህ በመጪው ዓመት ያፈራሉ። አለቆችሽን እስከ ጥቅምት ያዢልኝ።

አጎትሽ


ከሚሴ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! አፍርተዋል።

ሦስቱ አፈሩ፤ አራተኛው ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ፣ እንደ አንዳንድ ዘመድ። ሙሽራው ጡጫዬን የሚያህል፣ ጥምጥም ይመስል የደለበ፣ ቀለሙ እንደ ፀሐይ መግቢያ የሆነ ፍሬ ሰቅሏል። መፋቂያ ግን ትንንሽ፣ ትከሻው ጠቆር ያለ፣ ሰው ፊት የማይቀርብ ፍሬ ይዛለች። ሦስተኛው ቀንበጥ በመሀላቸው ነው።

እንዳዘዝሽኝ በብዙ ሰው አፍ አስቀምሻለሁ። ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ሙህዲን ቤት ተሰብስበን ጫት ስንቅም፣ ጠንካራውን ፍሬ በሰፊ ሳህን ቆራርጬ አቀረብኩ። ሙህዲን ሙሽራውን ቀምሶ “ወላሂ አያስርም!” አለ። ሌላው “እንደ ማር” አለ። ሦስተኛው ሰው፣ ከጉንጩ ጫቱን ሳያወጣ፣ ሦስት ቁራጭ ዋጠ። መፋቂያን ግን “ምንም አይልም፣ ውኃ ነው” ብለው ገፏት። አንዋር በሐዘን ወጣ።

አንቺ ልጅ፣ በድሩ የተመኘውን አደረግሽው! ሙሽራውን አቅርቢ። ዛሬ በዚህ ወረቀት ላይ አላሾፍብሽም፤ የእህቴ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ እኔ በዕድሜዬ አየሁ፣ ይበቃኛል። ሦስት ፍሬ ልኬያለሁ፤ ለመልክ ያህል ነው፣ ሳይበስሉ የተቀጠፉ ስለሆኑ እንዳትገምጫቸው።

አብዱልጀሊል


አዳማ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኤሱማ

ደብዳቤዎን መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ጥበቃው ሰው የሞተብኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ። እጅዎን እስማለሁ። ያን መሰላል የያዘውን።

ኮሚቴው ጥቅምት ሠላሳ ይቀምሳል። ሙሽራውን ብቻ እንደማቀርብ አስታውቄያለሁ። ለእነሱ የሚሆነውን ፍሬ አንዋር እስከ ሃያ አምስት ያድርስልኝ። ቀማሾቹን ሁሉ ያመስግኑልኝ። ከአባቴ ክንድም ሁለት ፍሬ አብረው ይላኩልኝ፤ ያለፈውን የዝንጀሮ ወሬ አላመንኩም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የሰፈሩን ወንድ ሁሉ አስቀምሰዋል። እናቴ ምን አለች?

ዓፊያ


ከሚሴ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓፊያ ልጄ፣

ያለፈውን ወረቀቴን ቅደጂው። ሙሽራውን እንዳታቀርቢ!

እናቴ ምን አለች ያልሽውን ይዤ ሄድኩ። እስካሁን አልቀመሰችም ነበር። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። የሙሽራውን አንድ ቁራጭ ሰጠኋት። አኘከች፤ ከንፈሯ እንደ ከረጢት አፍ ተሰበሰበ። አይኗ እንባ ሞላ። ምራቋን እንደምንም ዋጠችና “አንተ አብዱልጀሊል፣ ይኼ እኮ የበድሩ ነው። ልክ እንደሱ ያስራል” አለችኝ።

“የለም ዙቤይዳ፣ ሙህዲንና ሌሎቹ አያስርም ብለዋል” አልኳት።

“መቼ ቀመሱት?”

“ጫት ላይ።”

ሳቀች ልጄ፣ እያለቀሰች ሳቀች። “ጫት የቃመ አፍ ራሱ የታሰረ ነው፤ የታሰረን ሰው መልሰህ ብታስረው በምን ያውቃል?” አለች። እኔ ሃምሳ ዓመት የቃምኩ ሰው ይኼን አላሰብኩም። ከሙህዲን ቤት ከወጡት አንዱም አላሰበም።

በማግስቱ ከሱብሂ ሶላት መልስ፣ ማንም ቁርስ ሳይቀምስ፣ አፉን ተጉመጥሙጦ፣ ሁሉንም እናትሽ ግቢ አቆምኳቸው። ሙህዲን ሙሽራውን ገመጠና እንደ አባትሽ በእጁ ያወራ ጀመር። ሦስተኛውም ያስራል፤ ያነሰ ነው እንጂ። መፋቂያን ስሰጣቸው ግን ደግመው ገመጡ። ይሰበራል ልጄ፣ እንደ ካሮት ቀሽ ይላል፤ ከዚያ ይጣፍጣል። ጠንካራ ሆኖ ይጣፍጣል! ጫት ስኳር የበዛበት ሻይ እየተጠጣ ስለሚቃም፣ ያን ለስላሳ ጣዕም ውኃ ነው ብለውት ነበር። እናትሽ አንዱን ሙሉውን በላች። ከዚያ ቀና ሳትል እጇን ዘርግታ ሌላ ወሰደች። እኔ ለአንቺ የምሰጥሽ ምስክር ይቺ እጅ ናት።

አንዋር ዛሬውኑ ይነሳል። የደብረ ብርሃኑ መንገድ ተዘግቷል፤ በባቲ ወደ ሚሌ ወርዶ፣ በአፋር በረሃ በአዋሽ አድርጎ ይመጣል። የሚይዘው መፋቂያን ብቻ ነው። በዚያ ሙቀት ሾርባ ሆኖ ከደረሰ ሁላችንም ተሸንፈናል። ጠንክሮ ከደረሰ ግን ምንም ማስረዳት አያስፈልግሽም።

ስላደረስኩብሽ ስጋት እኔን ሳይሆን ጫቱን ውቀሺ።

አጎትሽ


አዳማ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ ኤሱማ

አንዋር ፊቱ በአቧራ እንደ ዱቄት ሆኖ ደረሰ፤ ሚሌ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ሁለት ቀን ቆሟል። ጥቅሉን ሲሰጠኝ እዚያው ቆሜ ከፈትኩት። አንድም አልላመም። አንዱን በጥፍሬ አንኳኳሁት፣ እንደ ሣጥን ጮኸ።

ለኮሚቴው የተመዘገበው ሙሽራው ስለነበር ፊታቸው ቆሜ ተሳስተናል አልኩ። ሰብሳቢያችን “ጉባኤው ገበያ መሰለሽ?” ብለው ተቆጡ። የፍሬውንም መልክ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ስለ ባቲ፣ ስለ ሚሌ፣ ስለ ጎማው ነገርኳቸው። “በዚያ ሁሉ ፀሐይ መጥቶ ነው እንዲህ ጠንክሮ የደረሰው?” አሉና አንድ ቁራጭ አነሱ። አኝከው ዋጡት። ሌላ አነሱ። ከሳህኑ የመጨረሻውን የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ችግኞቼ አይነቀሉም፤ መሬቱ ለእኔው ሆነ። ለፍሬው መጠሪያ ሲጠይቁኝ ከአፌ አምልጦኝ “መፋቂያ” አልኩ፤ ተጻፈ።

ኤሱማ፣ አሁን ስጋቱ አልፏል። አንድ ነገር ብቻ በግልጽ ይንገሩኝ። ዝንጀሮም፣ ላምም፣ የደም ግፊትም ሳይጨምሩ። የአባቴ ክንድ አለ ወይስ የለም?

ዓፊያ


ከሚሴ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቷ ልጅ ለዓፊያ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። መልሴ የዘገየው ቅጠሉ እስኪረግፍ ስጠብቅ ነው፤ ለምን እንደሆነ ታች ታገኚዋለሽ።

የለም ልጄ። ቀንበጦችሽን በቀጠልኩበት ቀን ሁሉንም ቆርጫለሁ። መጋዙን ይዤ ቆሜ “አንድ ክንድ እንተውለት” ብያት ነበር፣ ለእናትሽ። “አምስት ቀንበጥ ልካለች፤ ዛፉም ያለው አምስት ክንድ ነው” አለችኝ። “የትኛውን ቀንበጥ ሜዳ ላይ ላስቀርባት? ግንዱ የበድሩ፣ ሥሩም የበድሩ ነው፤ ልጁ ትከሻው ላይ ብትቆም ምን ነውር አለው? ቁረጥ። ግን እንዳትነግራት፤ ካወቀች ቀንበጦቹን መልስልኝ ትላለች።” እስክጨርስ ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ ታጥብ ነበር። ያ ልብስ ቀድሞም ንጹሕ እንደነበር አይቻለሁ። ለዚህ ነው አዲሱ ፍሬ ሲደርስ ለመቅመስ የፈራችው።

እኔ በሕይወቴ የተማሩ ሰዎችን አይቻለሁ፣ ሸኾችንም አይቻለሁ። አንቺ እዚያ በብሩሽሽ፣ እሷ እዚህ በዝምታዋ የሠራችሁትን የሚያህል ሥራ ግን አላየሁም። ይቺን በስልክ አልናገራትም፤ አፌ ይታሰራል።

አሁን ቅጠሉ ስለመርገፉ። ከመቀጠያው በታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ንቀል ብለሽኝ በታማኝነት ስነቅል ኖሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ዛፉ ራቁቱን ሲሆን፣ በግድግዳው በኩል፣ ከግንዱ ጀርባ፣ በእናትሽ አሮጌ ሻሽ ከግድግዳው ጋር የታሰረች አንዲት ክንድ አየሁ። ጣቴን አስከንድታ አድጋለች። ከታች ከግንዱ የወጣች ናት፤ የበድሩ ናት።

“ዙቤይዳ፣ ይቺን እዚህ ማን ደበቃት?” አልኳት።

“ፍየል” አለችኝ፣ አይኗን ሳታሽ።

እኔ ዝንጀሮ፣ እሷ ፍየል! ውሸት ከአንድ ጡት ነው የጠባነው።

ከዚያች ክንድ አንዲት ቀንበጥ ቆርጬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ጣቢያው በር አጠገብ፣ ችግኞችሽ በሚያዩት ቦታ ቀጥያት። ስታፈራ ፍሬዋ አፍ ያስራል፤ እሱ እንዲህ ነው፣ አትለውጪው። እናትሽም “ጭድ ውስጥ እስኪላም ታቆየው፣ እንደ አባቷ አትቸኩል” ብላለች።

ጥቅሉን ለአንዋር ስሰጠው “ይቺ መፋቂያ አይደለችም!” ብዬ ጮኬበት ነበር። እሱ ግን ቆሞ አልሄድ አለኝ። “ጋሼ፣ ያኔ የነከስኳት ናት የተሳካችው። ይቺንም ትንሽ ብነክሳትስ?” አለ። ፊቱን አየሁት፤ እያሾፈ አልነበረም።

ጫፏ ላይ የጥርስ ምልክት ብታዪ እንዳትደነግጪ። እኔ ነኝ የፈቀድኩለት።

አጎትሽ አብዱልጀሊል